ካቡ ላይ ያለው ጽጌ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት ፲፩

አልነቅልም አልኩት። ካቡንም አላፈርስም አልኩት። አፍጥጦ ሲያየኝ ያልሰማ መስሎኝ ደገምኩለት።

አየለ የሟቹ ባሌ የወርቁ ታናሽ ወንድም ነው፤ ዋርሳዬ። ቆዳ ይነግዳል፤ ዘንድሮ ቀንቶታል። ወርቁ በሕይወት ሳለ «እትዬ አስካለ» እያለ ጎንበስ ቀና ይልልኝ ነበር። ዛሬ ከበቅሎው ሳይወርድ፣ ደጃፌ ላይ ሆኖ «አንቺ ሴትዮ» አለኝ። የሚፈልገው በመንገዱ በኩል ያለውን የድንጋይ ካብና ከካቡ ኋላ ያለችውን ደጄን ነው። ካቡን ንዶ፣ የቆርቆሮ ሱቅ ሠርቶ፣ ለአንድ ግሪክ ሊያከራየው። አራዳ ላይ መንገድ ዳር ያለ መሬት ዛሬ ምን እንደሚያወጣ እኔም አላጣሁትም። ግን ወርቁ ያን ካብ ሲክብ ድንጋዩን ያቀበልኩት እኔ ነኝ። ግንበኛው እሱ ነበር፤ ጋሪው የኔ ጀርባ ነበር።

«ወንድሜ ልጅ ሳይተካ ሞተ። የሱ የኔ ነው» አለኝ። «አንቺ ባዶ ካብ ታቅፈሽ ምን ትፈጥሪያለሽ?»

«ባዶ አይደለም። ቀና ብለህ እየው።»

ቀና ብሎ አየና እንትፍ አለ። «አረም!»

«አረምስ አንተ ነህ» ልለው ነበር፤ ዋጥኩት። አሁን ሳስበው ባልውጠው ይሻል ነበር።

ንዴቴ እንዲበርድልኝ ስለ ጽጌው ልጻፍ። ወርቁ በሞተ በዓመቱ ከጓሮዬ ባሕር ዛፍ ማዶ ያለችው የአርመኑ ልብስ ሰፊ ሚስት፣ ማዳም ሱርፒክ፣ ሁለት ችግኝ ሰጠችኝ። ከአገሯ በጨርቅ ጠቅልላ በመርከብ፣ ኋላም በባቡር ያመጣችው ነው። በአገሯ ጣራ ላይ ይበቅላል አለችኝ። ቅጠሉ እንደ እንዳሁላ ውኃ የቋጠረ ወፍራም ነው፤ ግን ወደ ላይ አይሄድም። ከድንጋዩ ተለጥፎ፣ ቅጠል በቅጠል ላይ እየደረበ፣ እንደ ጽጌረዳ ክብ ይሠራል። ጫፉ ቀላ ይላል። ስሙን በቋንቋዋ ነገረችኝ፤ ምላሴ አልያዘውም። የድንጋይ ጽጌ አልኩት። ጎረቤቴ ዘይነባ ግን የሰነፍ ጎመን ትለዋለች፤ ውኃ ስለማይለምን።

መጀመሪያ ገድዬው ነበር። አዘንኩለትና ጥቁር አፈር፣ ፍግ፣ ጧትና ማታ ውኃ ሰጠሁት። ክረምቱ ሲገባ ሁለቱም ከሥራቸው በሰበሱ። ከመበስበሳቸው በፊት ዶሮ ነቅላ የጣለቻት አንዲት ጥፍር የምታህል ልጅ ብቻ ካቡ ላይ፣ ድንጋይና ድንጋይ መሀል ገብታ ተረፈች። አፈር የላት፣ ፍግ የላት፣ የሚያጠጣት የለ። እሷ ናት ዛሬ ከበሩ እስከ ማዕዘኑ ድረስ ካቡን ያለበሰችው።

አየለ ሲሄድ «እስከ ቅዳሜ ጊዜ ሰጥቼሻለሁ» አለ። ማን ሰጪ አደረገው?


ረቡዕ፣ ጥቅምት ፲፪

ጊዮርጊስ ደጅ ተሳልሜ ስወጣ የንስሐ አባቴ ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ሰው ያወራል» አሉኝ። «ያ ቅጠል መተት ነው ይላሉ። የፈረንጅ ሥራ ሥር ነው፤ ሌሊት ይተነፍሳል ይላሉ። ብትነቅይው ምናለ?»

«ማን ነው የሚያወራው አባቴ?»

«ሰው ነዋ» አሉ። እኔ ግን አወቅሁት። ትናንት አረም የነበረው በአንድ ሌሊት መተት የሆነው በማን አፍ እንደሆነ ግልጽ ነው።

«አባቴ፣ እግዚአብሔር በማክሰኞ ዕፀዋትን ሲያበቅል ይሄን ነጥሎ ለሰይጣን ተወለት ወይ?» አልኳቸው። የመሪጌታ ልጅ መሆን ይሄን ጊዜ ይጠቅማል። ፈገግታቸውን በመስቀላቸው ሸፍነው አሳለሙኝና ሄዱ።

ቤት ስደርስ በንዴት ሥራ ያዝኩ። ትልቋ ጽጌ አብባለች። ከመሀሏ እንደ ዶሮ አንገት ያለ ግንድ አውጥታ፣ ጫፉ ላይ ሐምራዊ አበባ ደርድራለች። ሱርፒክ ነግራኛለች፤ ያበበች እናት አትመለስም፣ ትደርቃለች። ልጆቿ ግን ዙሪያዋን ከበዋታል። እያንዳንዷ ልጅ ከእናቷ ጋር በቀጭን ክር ተያይዛለች፤ እኔ እትብት እለዋለሁ። ክሩ ሲጠወልግ በጥፍር ቆርጦ ማንሳት ነው። ወዲያው መትከል የለም። ቁስሉ ጥላ ውስጥ ይድረቅ፤ ከዚያ ጠጠር የበዛበት አፈር ላይ ብቻ ማስቀመጥ። ሥሩን ራሱ ይፈልጋል። የሚያጠጣው እጅ ከሚረሳው እጅ ይልቅ ይገድለዋል።

ሰፌድ ሙሉ ልጆች አነሳሁ። መተት ከሆነ እንግዲህ ብዙ መተት አለኝ።


ሐሙስ፣ ጥቅምት ፲፫

ጧት በሬን ስከፍት መንገዱ አረንጓዴ ነበር።

ሌሊት ነቅለውታል፤ አየለ ይላካቸው፣ መተት የፈሩ ይሁኑ እንጃ። በበሩ በኩል ያለውን ካብ በሙሉ በእንጨት ፍቀው ጥለውታል። የማገዶ አህዮች ረግጠውት አልፈዋል። አንዱ ቅጠል ከነጭቃው የአህያ ሰኮና ላይ ተለጥፎ ሲሄድ አየሁ።

አለቀስኩ፤ አልዋሽም። ደጃፌ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ከትቼ አለቀስኩ። ዘይነባ ወደ ገበያ ስትወጣ አገኘችኝ። የወሎ ሴት ናት፤ አራዳ ገበያ ቅመም ትቸረችራለች፤ ቤታችን ግድግዳ ለግድግዳ ነው። የበርበሬ ቁናዋን መሬት አስቀምጣ ጎንበስ አለችና ከጭቃው መልቀም ጀመረች። እኔም ተነሥቼ ለቀምኩ። የሚያልፈው ሰው ቆሞ ያየናል፤ ግማሹ ያማትባል። ዘይነባ ለአንዷ ሴትዮ «ምን ታያለሽ? ጎመን ነው፤ ጨው ካለሽ አምጪ!» አለቻት።

ሱርፒክ በአጥሯ ቀዳዳ ጠራችኝ። ፊቷ አመድ መስሏል። «ስሜ አትናገሪ» አለችኝ። «እኛ የሰው አገር ነን። ባሌ ሥራ ያጣል። እባክሽ።» ማልኩላት። ከአገሯ የተባረረችው እንዴት እንደሆነ አንድ ቀን ነግራኝ ነበር፤ ፍርሃቷን አልፈርድባትም።


ዓርብ፣ ጥቅምት ፲፬

የለቀምነው ሁሉ ቤት ውስጥ ተዘርግቷል። ሰፌድ ላይ፣ ምንቸት ክዳን ላይ፣ የወርቁ የጭቃ ማቡኪያ ሳንቃ ላይ። ሥር ያላቸው ጥቂት ናቸው። መሀላቸው የተሰነጠቀ ግን ልጅ የያዙ ብዙ ናቸው። ልጆቹ ደኅና ናቸው። የእናትየዋ ግማሽ ፊት ጠፍቶ እንኳ ከጎኗ ያለችው ድምቡሽ ብላ ተቀምጣለች።

ከወንዝ ያስመጣሁትን ጠጠር ነፋሁ። ክንዴ ዝሏል። ከካቡ ላይ የተፋቀው እንኳ ሁሉም አልወጣም፤ ድንጋዩ መሀል ጣቴን ከትቼ ስዳስስ የቀሩ አሉ። ልብ ብሎ ያልነቀለ ሰው ሥራ ነው።

ነገ ቅዳሜ ነው። አየለ የሰጠኝ ቀን። እህል በአፌ አልዞረም።


ቅዳሜ፣ ጥቅምት ፲፭

ሁሉንም እንደሆነው ልጽፈው ነው።

ገበያው ሞቅ ሲል አየለ ዶማ የያዙ ቀን ሠራተኞች አስከትሎ መጣ። አልጠየቀኝም፤ አልተሳለመኝም። «ከማዕዘኑ ጀምሩ» አላቸው። የመጀመሪያዋ ድንጋይ ስትወርድ ሰማኋት። ወርቁ በመሮ ጠርቦ ያስቀመጣት የማዕዘን ድንጋይ ናት።

ከዚያ ድምፄ ወጣ። እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳለኝ አላውቅም ነበር።

«በሕግ አምላክ!»

ዶማው አየር ላይ ቀረ። መንገደኛው ቆመ። የማር ሻጩ ቆመ። ከሠራተኞቹ አንዱ ዶማውን መሬት አስቀመጠና «ሕግ ተጠርቷል ጌታዬ። እኔ አልነካም» አለው አየለን።

«ከእኔ ጋር ሕግ?» አለ አየለ።

«ከአንተ ጋር። አሁን። እዚሁ።»

ሕዝቡ ዳኛ ፈለገ። በዚያች ሰዓት አንድ ሽማግሌ በበቅሎ ብቅ አሉ፤ ንጹሕ ኩታ የለበሱ፣ ጉንጫቸው በጨርቅ የተጠቀለለ። ልጓማቸውን ያዙባቸው። «አቤት ዳኛ! ፍረዱን!»

«ልጆቼ፣ ጥርሴን ላስነቅል ነው የምሄደው» አሉ በግማሽ አፋቸው። «ሌላ ፈልጉ።»

ግን ዳኛ ሁን የተባለ ጨዋ ሰው እምቢ ብሎ አይሄድም። ወረዱ። ከህንዱ ሱቅ የሳሙና ሣጥን አምጥተው አስቀመጧቸው። ልማዱ ነውና የኔን ነጠላ ከአየለ ኩታ ጋር ቋጠሩት፤ አንዳችን እንዳንሸሽ።

«እት አስካለ፣ ደግሞ አገባሽ እንዴ?» አለች ዘይነባ ከሰው መሀል። አራዳ በሙሉ ሳቀ። አየለ ኩታውን ሊስበው ሲል እኔ ነጠላዬን ሳብኩት።

«አሳጥሩ» አሉ ሽማግሌው።

አየለ ግን ሙግት ያውቃል፤ ማሳጠር አያውቅም። በትሩን እያወዛወዘ «በይ ልበልሽ!» አለ። ወንድሙ ልጅ እንደሌለው ተናገረ። እኔ ባዕድ መሆኔን ተናገረ። ሕዝቡ እንዳልሞቀለት ሲያይ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ጌታዬ፣ ይህች ሴት አምስት ክረምት ሙሉ በዚህ ካብ ላይ የፈረንጅ መተት ስትተክል፣ ስታባዛ፣ ስትንከባከብ ኖራለች! በዓይኔ እያየሁ! በዚህ ባለፍኩ ቁጥር እያየሁ! አምና በቅሎዬ የሞተችው በሱ ነው!»

አንዳንዱ አማተበ።

ሽማግሌው ጉንጫቸውን በመዳፋቸው ደገፉ። «አምስት ክረምት አልክ?»

«አምስት!»

«ስትተክል አየሃት?»

«አዎን ጌታዬ!»

«አምስት ክረምት ስታልፍ ‹ካቡ የኔ ነው፣ አትትከይበት› ብለህ ከሰሃት ታውቃለህ? ሽማግሌ ልከህባታል?»

«ወንድሜን አክብሬ ዝም አልኩ» አለ አየለ።

«እንግዲህ እሷ ምን ምስክር ትጥራ?» አሉ ሽማግሌው። «ያለማችው እሷ ናት አልክ። እያየህ ነው አልክ። ዝም ብያለሁ አልክ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው ልጄ።»

ሕዝቡ ጮኸ። እኔ ግን አልጮህኩም፤ ሽማግሌው ወደኔ ዞረው ነበርና። «መተት ነው የሚለውስ? ከየት አመጣሽው?»

«ከጎረቤት ነው አባቴ።»

«ከየትኛው?»

ዝም አልኩ። ምያለሁ። ሽማግሌው ቅንድባቸውን አነሱ፤ አየለም አየ፤ ፊቱ በራ። ዝምታዬ ሊያንቀኝ ነው ስል ከሰው መሀል ግፊያ ሆነ። ሱርፒክ ናት። መርፌዎቿ ከነክራቸው ደረቷ ላይ እንደተሰኩ፣ ፀጉሯ ተበትኖ።

«እኔ ሰጠ!» አለች። «እኔ ነው! እናቴ ቤት ጣራ ነበረ!»

«ምን ያደርጋል ታዲያ?» አሏት ሽማግሌው።

ሱርፒክ ግራ ገባት። ወደኔ አየች፤ ወደ ካቡ አየች። «ምንም» አለች። «ምንም አያደርግ። ያምራል።»

ሽማግሌው ተነሡ። ካቡ ላይ ከተረፉት አንዷን በጣታቸው ነካ አደረጓት። «እውነት ነው» አሉ። ከዚያ ፈረዱ። ሰኞ ከሰፈሩ ዳኛ ፊት እንቅረብ። እስከዚያ ከዚህ ካብ ጠጠር የነካ ሕግ የነካ ነው። የወረደችውን ድንጋይ ያወረዳት ይመልሳት። ዋስ ጥሩ።

አየለ ዋሱን ከቆዳ ነጋዴዎቹ ጠራ። እኔ ዙሪያዬን አየሁ። ዘመድ የለኝም። «እኔ ዋሷ ነኝ!» አለች ዘይነባ፤ ያን የበርበሬ እጇን አንሥታ።

ሽማግሌው በቅሏቸው ላይ ሲወጡ ጎንበስ ብለው ቀስ ብለው ጠየቁኝ። «ለጥርስ ይሆናል እንዴ?»

«አይሆንም አባቴ።»

«እንግዲያው ልሂድ» አሉ።


እሑድ፣ ጥቅምት ፲፮

ትናንት ጀግና ነበርኩ። ዛሬ ፈርቻለሁ።

ነገ ቢፈረድብኝስ? ካቡ ይናዳል፤ ጽጌው አብሮ ይናዳል። ይህን ሳስብ ውዬ አንድ ነገር ቆረጥኩ። የደረቀ ቁስል ያላቸውን ልጆች በጨርቅ ቋጥሬ ወጣሁ። ከዘይነባ ደጅ ጀመርኩ፤ ሱርፒክ አጥር ጥግ ሰካሁ፤ ከዚያ ወደ ዶሮ ማነቂያ ቁልቁል ወረድኩ። የድንጋይ ካብ ባየሁበት ሁሉ ባለቤቱን እጠይቃለሁ። «ውኃ አይፈልግም፤ እንጀራ አይበላም፤ ካብህ ላይ ላስቀምጠው?» የትናንቱ ሙግት ከኔ ቀድሞ ደርሷል። «አንቺ ነሽ ነጠላሽን ስበሽ የረታሽው?» ይሉኛል። አንዱ እምቢ አለኝ፤ አንዷ በሯን ዘጋችብኝ። የቀሩት «ስኪው» አሉኝ። አንድ ፈትል ነጋዴ ሚስቱን ጠርቶ ሁለት አስቀመጠ።

ሰንበት ነው፤ አፈር አልቆፈርኩም። ድንጋይ መሀል መሰካት ሥራ ከሆነ እግዜር ይቅር ይበለኝ። አየለ የኔን ካብ ቢንድ ዶሮ ማነቂያን ሁሉ ሊንድ ነው?


ሰኞ፣ ጥቅምት ፲፯

ተፈርዷል። ግማሽ ደስታ፣ ግማሽ ሐሞት።

የሰፈሩ ዳኛ የሚስቁ ሰው አይደሉም። መተት የሚባለውን ገና ከአየለ አፍ ሳይወጣ «እሱን ለደብተራ ንገር» ብለው ዘጉት። የጠየቁት አንድ ነገር ነው፤ ካቡ ሲካብ ማን ነበረ? ዘይነባ መሰከረች። «እኔ ያን ጊዜ ገና መምጣቴ ነው። ይቺ ሴትዮ ድንጋይ ተሸክማ ስታልፍ የቀን ሠራተኛ መስላኝ ‹ስንት ይከፍሉሻል?› ብያታለሁ።» ዳኛው «እጅሽን ዘርጊ» አሉኝ። ዘረጋሁ። መዳፌን ገልብጠው አዩት።

ቤቱ፣ ደጁና ካቡ የኔ ሆኑ። ከኋላ ያለው የባሕር ዛፍ ቦታ ግን ወርቁ ከአባቱ ያገኘው ነውና ለአየለ ሆነ። እነዚያን ዛፎች እወዳቸው ነበር። በነፋስ ሲያፏጩ ነው የምተኛው። ይቆርጣቸዋል፤ ነገ ከነገ ወዲያ ይቆርጣቸዋል። ልቤ ተቃጠለ፤ ግን እሱ ፊት አላሳየሁትም።

«ይግባኝ!» አለ አየለ ወዲያው።

«እመጣለሁ» አልኩት። «የትም ብትለኝ እመጣለሁ።»

ስመለስ ልብሴን ሳልቀይር ካቡ ላይ ወጣሁ። የተፋቀውን ስፍራ ጠጠር ሞላሁት። በበሩ በኩል፣ መንገደኛ ሁሉ በሚያይበት፣ ያሉኝን ትልልቆቹን ሰካሁ። ይዩት።


ረቡዕ፣ ጥቅምት ፲፱

የይግባኙ ቀን አልተነገረም። ከኋላ መጥረቢያ ይሰማኛል። ጆሮዬን ጥጥ ልወትፍ አሰብኩና ተውኩት።

ከቀትር በኋላ አንዲት ሴት ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ካቡ ሥር ቆመች። ገዢ መስላኝ «አይሸጥም፣ በነፃ ነው» አልኳት። ገለጥ ስታደርግ ጥሩነሽ ናት፤ የአየለ ሚስት። ከወርቁ ሙት ዓመት ወዲህ ደጄን ረግጣ አታውቅም።

«አንድ ስጪኝ» አለች።

ደሜ ፈላ። «ባልሽ መተት ነው ይል የለም እንዴ?»

«ይላል።»

«ልኮሽ ነው?»

«ብትይኝም አልፈርድብሽም» አለች። ዓይኗን ከጽጌው አላነሳችም። «ዶሮ ማነቂያ የእህቴ ቤት ካብ ላይ አየሁት። ሁለት ቀን ሙሉ አየሁት። አሁን እኔም እፈልጋለሁ። ሌላ ምክንያት የለኝም።»

አየኋት። እውነቷን ይሁን፣ ዛፎቹ አልበቁ ብለውት ደጄን ልታስስ ልኳት ይሁን፣ ከፊቷ ማንበብ አልቻልኩም። አሁንም አልቻልኩም።

«የት ልትተክይው?»

«ከበራችን ፊት ያለው ካብ ላይ።»

«በወጣ በገባ ቁጥር ያየዋላ!»

«ይየዋ!» አለች።

እኔ አልቆረጥኩላትም። ራሷ እንድትቆርጥ አሳየኋት፤ ክሩን በጥፍር፣ ከልጅቱ ራቅ አድርጎ። ጎትታ አልበጠሰችውም፤ እንዳሳየኋት ቆረጠችው። ሦስት አነሳች። በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረቻቸውና መንገዱን ግራና ቀኝ አይታ ወጣች።

ገበያውን ልትሻገር ስትል ነው ትዝ ያለኝ። ካቡ ላይ ወጥቼ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ከኋላዋ ጮህኩባት።

«ውኃ አታብዢበት!»

አልዞረችም። እጇን ብቻ አነሳችልኝ።